ለኮልድ ሩም የሚሆን ሰደሪያ

መጋቢት 2 ቀን 2016፣ ሰኞ ማታ

የነዕማ ረመዳንና የኔ ዐቢይ ጾም ዛሬ በአንድ ቀን ገቡ። ቢሮ ውስጥ ሻይ የሚጠጣ ሰው ጠፋ፤ ፔርሙሱ ሞልቶ ገብቶ ሞልቶ ወጣ። ሰው ሁሉ ባዶ ሆዱን ስለሆነ ነው መሰል ቱግ ቱግ ይላል። እኔ ደግሞ ሳልጾምም ቱግ እላለሁ፣ ምስጋና ይመስክር። ባሌ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። "የሥራሽን ነገር በር ላይ አውልቀሽ ግቢ" ይለኛል። የሱ የፈተና ወረቀት ግን አልጋችን ላይ ነው የሚታረመው። እንግዲህ ለሱ የማልነግረውን እዚህ ልተንፍስ።

ድርጅታችን ክትባት የሚያስቀምጥበት ኮልድ ሩም አለው። ውስጡ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ፣ ውጪው አሶሳ ነው፣ ሠላሳ ስድስት። ኃላፊዋ እኔ ነኝ፣ ረዳቴ ነዕማ ናት። ሁለታችን አንድ ካፖርት እንጋራለን፤ የድሮ ሥራ አስኪያጅ ጥሎት የሄደ ነው። ለኔ ይሰፋኛል፣ ነዕማማ ገብታበት ትጠፋለች። ግንቦት 1 የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ይጀመራል። ለሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያም ለወረዳዎቹም የሚሄደው ሁሉ በእጃችን ተቆጥሮ ነው የሚወጣው። በቀን አምስትና ስድስት ሰዓት እዚያ ውስጥ መቆም ማለት ነው።

ዛሬ ከዋናው ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ለሴት ሠራተኞች ደህንነት በተያዘው በጀት ሁለት በባትሪ የሚሞቅ የሴት ሰደሪያ ከዘመቻው በፊት ይገዛ ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ደስ አለኝ። ከሥር "ግዢው በኮሚቴ ይፈጸም" ይላል። ደስታዬ እዚያ ላይ አበቃ።

የነዕማ ኮንትራት ሰኔ ላይ ያልቃል፤ የሚታደሰው በኔ ምዘና ነው። ጎበዝ ልጅ ናት፣ የእያንዳንዱን ክትባት የባች ቁጥር በቃሏ ትይዛለች። ከሀዊ በኋላ እንዲህ ያለ ረዳት አላገኘሁም። ስለ ሀዊ ዛሬ አልጽፍም።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢ አቶ ደባልቄ የግዢ ኃላፊው፣ አባል ኦሊያድ የሎጂስቲክሱ ልጅ፣ ጸሐፊ እኔ። አቶ ደባልቄ መሀረቡን አውጥቶ አንገቱን እየጠረገ "የሚሞቅ ሰደሪያ" ብሎ አነበበና ሳቀ። ኦሊያድም ሳቀ። በኮሪደሩ የሚያልፈው ሁሉ ሰማ፤ አንዱ "አሶሳ ላይ ማሞቂያ! ለሱዳን ደግሞ ምድጃ እንላክላቸው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኮልድ ሩሙ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ አንድም ወንድ የለም። በሩን ከፍተው "እፎይ" ብለው ይመለሳሉ።

መጠን ሲጻፍ ኦሊያድ "ነዕማ ስሞል ናት፣ በዓይኔ ገምቻታለሁ" አለ።

"ማን ገምት አለህ?"

"እህት አስረሳሽ፣ ሜትር ይዤ ልሂድባት እንዴ?"

እውነቱን ነው፣ ሜትር ይዞ መሄድ አይችልም። ግን በዓይን! ስሞል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። የያዝኩትም እኔው ነኝ፣ ጸሐፊ አይደለሁ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ነዕማን ራሴ ለካኋት። ትከሻዋን እሺ፣ ደረቷን እሺ። ወገቧ ላይ ስደርስ "እዚያ ጋ ተዪው እትዬ፣ ዝም ብሎ ሰፊ ይሁን" ትላለች። ሰፊ ከሆነ ሙቀቱ ሰውነት አይነካም፣ ታዲያ ምኑን ሞቀ? አስረዳኋት። ትንፋሿን ውጣ ቆመች። 74። ጻፍኩ።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። ሁለት ቀን መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ለፍሪጁ ብቻ ነው። ነዕማ የናፍጣው ሽታ አስጠላኝ ብላ ሮጣ ወጣች። ሁለት ዓመት ስታሸተው ኖራ ዛሬ አስጠላት። ቆጠራውን ብቻዬን ጨረስኩ። ጣቶቼ እስክሪብቶ አይዙም።

መጋቢት 16፣ ሰኞ

ሦስት የሰደሪያ የዋጋ ፕሮፎርማ ከአዲስ አበባ መጣ። ማታ ቁጭ ብዬ አነጻጸርኩ፣ በሥራ ሰዓት ማን ፋታ ይሰጠኛል።

የመጀመሪያው ርካሽ ነው። "ለወንድም ለሴትም" ይላል፤ ይህ ማለት ለወንድ ነው። የሚሞቀው ደረቱና ሆዱ ላይ ነው፣ ሁሉም በአንድ ማብሪያ። ባትሪው ስምንት ሰዓት ይቆያል ይላል።

ሁለተኛው የሴት ስፌት ነው። ጀርባውና ደረቱ ለየብቻ ማብሪያ አላቸው፣ ሆዱ ላይ ምንም የለም። ደግሞ ማንኛውንም ፓወር ባንክ ይቀበላል። መብራት ሲጠፋ በኦሊያድ መኪናም ቢሆን ቻርጅ ይደረጋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ያምራል፤ ባትሪው ግን የራሱ ልዩ ዓይነት ነው። ከተበላሸ አሶሳ ውስጥ ማን አለው? ለፎቶ ይሆናል።

የሚገዛው ሁለተኛው ነው። ዓይን ያለው ያየዋል። አቶ ደባልቄ ግን ከርካሹ ናሙና አስመጥቷል፣ "መመሪያው ከዝቅተኛው ይጀመር ይላል"።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

ወይ ጉድ! ልጻፈው እስኪ፣ ነገ እንዳልክደው።

ናሙናው መጣ። መሞከር ያለበት ተጠቃሚው ነው፣ መመሪያው ራሱ እንደዚያ ይላል። እኔ ወደ ኮልድ ሩም ሄጄ ስመለስ አቶ ደባልቄ ለብሶታል። ከሸሚዙ በላይ። ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ወድቃ፣ ማራገቢያ የሌለው ቢሮ ውስጥ። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል፤ ኦሊያድ ሰዓት ይዞለታል። አምስት ደቂቃ ሲሞላ "በቃኝ! በቃኝ! ይሠራል፣ በጣም ይሠራል!" ብሎ አወለቀው። ከዚያ ምን ጻፈ? "በተደረገው ሙከራ ሙቀት የመስጠት ብቃቱ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል።"

"አቶ ደባልቄ፣ ያሞቀዎት አሶሳ ነው እኮ" አልኩት።

"ወይዘሮ አስረሳሽ፣ እርስዎ ሁልጊዜ ነገር ያከብዳሉ።"

ጨጓራዬን ላጠው። ለምስጋና ስነግረው ሽንብራው ትን እስኪለው ሳቀ። ከዚያ እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ተናደድኩ።

መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

ናሙናውን ኮልድ ሩም ይዤ ገባሁ። በአራት ዲግሪ፣ ካርቶን እየቆጠርኩ። አርባ ደቂቃ። ከዚያ ሞተ። ስምንት ሰዓት ያለው ባትሪ አርባ ደቂቃ! ሰዓቱን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ነዕማን ምስክር አስፈርሜ ለኮሚቴው አስገባሁ።

ነዕማ ሰደሪያውን አገላብጣ አየችውና "ይሄ ሆዱ ጋ ያለው ሙቀት ብቻውን ይጠፋል?" አለች። አይጠፋም፣ አንድ ማብሪያ ነው አልኳት። "የሁለተኛውስ?" የሁለተኛው ሆዱ ላይ የለውም። "ወላሂ?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ ዛሬ ብቻ ሦስቴ ጠየቀችኝ። ሆዷን ምን ሆና ነው እንዲህ የምትጠነቀቅለት? ሰው በብርድ ይሞታል እሷ ሙቀት ትፈራለች።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

በምሳ ሰዓት ነዕማ ከመደርደሪያው ኋላ ውኃ ስትጠጣ ደረስኩባት። ደነገጠች። አልጠየቅኳትም፣ ራሷ "ወር አበባ ነው፣ አይጾምም" አለች። እሺ። ግን ባለፈው ሳምንትም ወር ነበር። ከዚያ በፊት ባለውም። አላህና እሷ ይወቁት፣ እኔን ምን አገባኝ።

ከቢሮ ስወጣ ሀዊን በባጃጅ ስታልፍ አየኋት። አየችኝ። ፊቷን አዞረች።

እሺ ልጻፈው። የድርጅታችን ደንብ ነፍሰ ጡር ኮልድ ሩም አትገባም ይላል። ቋሚ ሠራተኛ ከሆነች ሌላ ሥራ ይሰጣታል፤ ኮንትራት ከሆነች ውሏ ይቋረጣል። ሀዊ ኮንትራት ነበረች። የዛሬ ሁለት ዓመት ማርገዟን ያወቅሁት እኔ ነኝ፣ ሪፖርት የጻፍኩትም እኔ። በሳምንቱ ወጣች። ያደረግሁት ለሷ ብዬ ነው። ያ ክፍል ለነፍሰ ጡር አይሆንም። እኔ አውቃለሁ። እንዴት እንደማውቅ ለማንም ማስረዳት የለብኝም፣ ለደብተርም ቢሆን።

መጋቢት 30፣ ሰኞ

ርካሹ ተጣለ! አርባ ደቂቃዬ አሸነፈች። ሁለተኛው ይገዛ ተባለ። ላኪው መጠን አረጋግጡ ስላለ ነዕማን እንደገና ለካኋት። ወገቧ 79። ሜትሩ ተለጥጧል፤ የቻይና ሜትር እንዲህ ነው። ወይም ማታ ማታ በኢፍጣር ሳምቡሳ ስታግበሰብስ ነው። ሌላ ሜትር እገዛለሁ።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

ዒድ። ቢሮ ዝግ ነው። ነዕማ ልጅ ልካ ምግብ አደረሰችኝ፣ ለኔ ለብቻው የጾም አሠርታ። ሰሞኑን የተቆጣኋትን አስቤ አፈርኩ።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ ማታ

ምስጋና ተኝቷል። እኔ አልቻልኩም።

ዛሬ ገበያ ሄድኩ። ማንጎ ተራ ላይ ጎንበስ ብዬ ስመርጥ ሻጭዋ ሀዊ ሆና ተገኘች። ባጃጅ ላይ ሆና ፊቷን ማዞር ትችላለች፤ ከማንጎ ክምር ኋላ ሆና ወዴት ታዞራለች? እኔስ ወዴት እሄዳለሁ? "ደህና ነሽ?" አልኳት። "ደህና" አለች። አጠገቧ አንድ ድብልብል ያለ ልጅ ማንጎ ይዞ እስከ ክርኑ ተጨማልቋል። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

"እሱ ነው" አለች ሀዊ። "እዚያ ክፍል አራት ወር ይዤው የገባሁት። ብርዱ ምን አደረገው? ምንም። የጎዳን ብርዱ አይደለም፣ ሥራ ማጣቱ ነው። ያኔ ባሌ ሥራ አልነበረውም፣ ታውቂ ነበር።"

አላውቅም ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። አውቅ ነበር።

ነገሩን ልታለዝብ መሰለኝ፣ ማንጎውን ፌስታል ውስጥ እየከተተች "ነዕማስ እንዴት ናት? ስንተኛ ወሯን ያዘች?" አለችኝ።

"የምን ወር?"

እጇ አየር ላይ ቀረ። "ምንም" አለች። "ሌላ ሰው መስሎኝ።" ከዚያ ከማንጎዎቿ ቀና አላለችም። እሷና ነዕማ ጎረቤት ናቸው።

ቤት ገብቼ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ወገቧን ተዪው ያለችኝ። ናፍጣው። የሆዱ ሙቀት ይጠፋል ወይ ያለችኝ። ያ የማያልቅ ወር። አምስት ሴንቲ ሜትር! ሁሉም በገዛ እጄ ተጽፏል። የጤና ባለሙያ ነኝ። ሜትር ልገዛ ነበር እኮ፣ ሜትር!

ማየት የማልፈልገውን ነው ያላየሁት። እዚህ ላይ ይብቃኝ።

ደግሞ ሌላም አለ። ነዕማ በየቀኑ አጠገቤ ቆማ የፈራችው ብርዱን አልነበረም፣ እኔን ነው።

ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ

ለነዕማ ምንም አላልኳትም። እሷም ለኔ። ከባድ ካርቶን ልታነሳ ስትል "ተዪው፣ መለያውን አንብቢልኝ" እላለሁ። ሦስት ጊዜ ስል በጥርጣሬ አየችኝ።

በምሳ ሰዓት አንዲት የማውቃት አዋላጅ ነርስ ጋ ሄድኩ። "ለአንዲት ዘመዴ ነው" አልኳት። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ቀዝቃዛ ክፍል ብትሠራ? በደንብ ከደረበች፣ በየሃያ ደቂቃው እየወጣች ከሞቀች፣ ከባድ ካላነሳች ትሠራለች አለች። ሙቀቱ ጀርባዋ ላይ ይሁን፣ ለብ ያለ፣ ሆዷ ላይ እንዳይሆን። ክትትሏን እንዳታቋርጥ። ሁለተኛው ሰደሪያ ማለት ነው፤ ነዕማ ከኮሚቴው ቀድማ መርጣዋለች።

ልወጣ ስል ተመልሼ "ብርድ ግን ጽንስ አይገድልም?" አልኳት። እንዲያው ብርድ ብቻውን እንዲህ አያደርግም አለች፤ ብዙ ጊዜ በስድስት በሰባት ወር ሲጠፋ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል፣ የእናትየዋ ጥፋት አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። አልጠየቅኩም እንጂ።

ቢሮ ስመለስ አቶ ደባልቄ ዘገዩ ብሎ ተቆጣ። ይቆጣ።

ሚያዝያ 10፣ ሐሙስ

ኮሚቴ። የነዕማ መጠን ላርጅ ይሁን አልኩ።

አቶ ደባልቄ፦ "ስሞል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።"

"ቃለ ጉባኤ አይበርደውም።"

"ወይዘሮ አስረሳሽ!"

"ከምትጠቀለልበት ቶብና ከሹራቧ በላይ ነው የምትለብሰው። ስሞል አይገባትም።"

ኦሊያድ "በዓይኔ ግን..." ሲል እንዴት እንዳየሁት አላውቅም፣ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። አቶ ደባልቄ ለመጠን ለውጥ የማሻሻያ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል አለ። እዚያው ጻፍኩለት፣ አንድ ገጽ ሙሉ። ፈረመ። ለስሞል አንድ መስመር በቅቶ ነበር።

ሚያዝያ 22፣ ማክሰኞ

ሰደሪያዎቹ መጡ! በአውሮፕላን። ካርቶኑን ቀደድነው። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ወገቡ የሴት። ባትሪ የለውም። ኦሊያድ ጥሩ ባትሪ ከዚያው ይገዛ ብሎ ነበር፤ ለብቻው የታሸገ ባትሪ በአየር ጭነት አያልፍም ስለተባለ በአውቶቡስ ተልኳል። መቼ ይደርሳል? "እንግዲህ አውቶቡሱ ሲደርስ" አለኝ። እዚህ ገበያ ያለው ፓወር ባንክ ስልክ እንኳ አይሞላም፤ ባትሪ የሌለው የሚሞቅ ሰደሪያ ታቅፌ ልቀመጥ። ዘጠኝ ቀን ቀረን።

ሚያዝያ 28፣ ሰኞ

ትናንት ፋሲካ ነበር፣ ምስጋና በግ ገዝቶ ራሱ አረደ፣ ራሱ ተቆረጠ። እሱን በፋሻ ሳስር ዋልኩ።

ዛሬ ባትሪዎቹ ደረሱ። ንብረት ክፍል በእያንዳንዳችን ስም የመረከቢያ ቅጽ አስፈረመን፤ ሰደሪያ አንድ፣ ባትሪ ሁለት፣ ቻርጀር አንድ። ኮልድ ሩም ገብተን በሩን ዘጋን። ነዕማ ለበሰችው። ዚፑ እስከ ላይ ተዘጋ፣ ሆዷ ላይ ቦታ ተርፎ። የጀርባውን ማብሪያ ጫነች። ትንሽ ቆይታ ዓይኖቿን ጨፈነች።

"ሰፊ ነው" አለች። "ስሞል ብለው ጽፈው ነበር። ለምን ሰፊ ሆነ?"

"ሀዊ ነገረችኝ" አልኳት። "ሳታስበው ነው፣ እንዳትቀየሚያት።"

ዚፑን ይዛ ቀረች። ስትናደድ አማርኛዋ ይጣደፋል፣ ሴቱም ወንድ ይሆንባታል። "ሀዊን ጻፍክ። እኔንም ይጽፋል አልኩ። ባሌ ኻሚስ በሱዳን መንገድ ይነግድ ነበር፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ አሁን ቤት ነው። በኔ ደሞዝ ነው የምንበላ። ምን ላድርግ እትዬ? ለማን ልንገር?"

"ለኔ መንገር ነበረብሽ" ብል ደስ ባለኝ። ግን በምን አፌ? "ልክ ነሽ" አልኳት። ከዚያ ሰዓቴን አይቼ ሃያ ደቂቃ ስለሞላ ውጪ ብዬ አስወጣኋት።

ግንቦት 1፣ ሐሙስ

ዘመቻ። ለሸርቆሌ ሁለት መኪና ወጣ። እግሬ የኔ አይደለም። ሰደሪያው አራት ሰዓት ከሩብ ቆየ፣ ባትሪ ቀየርን።

በዚህ መሀል አቶ ደባልቄ የዘመቻ ሠራተኞች የጤና ቅጽ አመጣ፤ የዘመቻው አስተዳደርም በሱ እጅ ነው። ተራ ቁጥር ሰባት፦ ነፍሰ ጡር። አለ ወይስ የለም። የሚሞላው የክፍሉ ኃላፊ፣ እስከ ነገ።

ነዕማ ቅጹን ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። "'የለም' በይ" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ሰኔ ላይ ሆድሽ ራሱ ይናገራል። ያኔ ዋሽታለች ብለው እስከ መጨረሻው ይሸኙሻል። 'አለ' ብዬ ልጻፍ፤ ግን እንደ ሀዊ አይደለም። ትፈቅጂልኛለሽ?"

ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ካስወጡኝስ?"

"አብሬሽ እወጣለሁ።"

ይህን ስናገር ምን ነካኝ? ምስጋና ገና አያውቅም። ግን ከአፌ ወጣ፣ ሲወጣም አልዋሸሁም።

ግንቦት 2፣ ዓርብ ማታ

የጻፍኩትን እዚህ ልገልብጠው። "አለ። ሥራዋን ትቀጥላለች። ክፍሉ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከሃያ ደቂቃ በላይ አትቆይም፤ ከባድ አታነሳም፤ ሆዷን የማይነካ ማሞቂያ ሰደሪያ አላት፤ የሐኪም ክትትል አላት። የዛሬ ሁለት ዓመት በሌላ ሠራተኛ ላይ የጻፍኩት ሪፖርት ስህተት ነበር። ይህ ካልተፈቀደ የኔም ስም ይሰረዝ።"

አቶ ደባልቄ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ አውልቆ አነበበ።

"ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ያኛውንም እርስዎ ነበሩ። ያኔ ትውጣ፣ አሁን ትቆይ!"

"አዎ። ሁለቱንም እኔ ነኝ።"

"ደንብ አለ እኮ ወይዘሮ አስረሳሽ። እኔ የማደርገው ደንቡን ነው። ትተካ።" ማኅተሙን ሳበ።

ኦሊያድ ከጥግ፣ ስልኩን እየነካካ "ጋሼ፣ ሰደሪያው በሷ ስም ወጪ ሆኗል እኮ" አለ። "በመጠኗ። ብትወጣ ንብረቱ መመለስ አለበት፣ ለምትተካው በሌላ መጠን ሌላ ግዢ። ኮሚቴው እንደገና ሊሰበሰብ ነው።"

አቶ ደባልቄ ማኅተሙን አየው። ኦሊያድን አየው። እኔን አየኝ፤ የማሻሻያ ቃለ ጉባኤውን አንድ ገጽ ያስታወሰ ይመስለኛል። መሀረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ።

"እንደገና ኮሚቴ?"

"ከፕሮፎርማ ጀምሮ" አለ ኦሊያድ።

"እስከ ወሊድ ፈቃዷ ድረስ" ብሎ ጻፈ። ፈረመ። ማኅተም አደረገ። "ሁለተኛ የሰደሪያ ነገር ይዛችሁብኝ እንዳትመጡ!"

በደንብ ብዛት ስንቃጠል ኖረን በደንብ ብዛት ዳንን። ኮሪደሩ ላይ ኦሊያድን አቅፌ ሳምኩት፣ ደነገጠ። በዓይኑ መለካቱን ይቅር ብዬዋለሁ። የሀዊን ነገር ግን ፊርማ አይመልሰውም። ነገ ማንጎ ተራ እሄዳለሁ፤ ይቅርታ እላታለሁ፤ ቀጣይ ቅጥር ሲወጣ ስሟን እኔ እጽፋለሁ። ፊቷን ብታዞርም እዚያው እቆማለሁ።

ግንቦት 5፣ ሰኞ

ዛሬ ሃያ ደቂቃችን ሞልቶ ወጥተን ደረጃው ላይ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፣ ሰደሪያችንን እንደለበስን። የሚያልፉት ሳቁብን። ነዕማ "እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለች። "ሀዊን ለምን ጻፍሽ? ክፉ አይደለሽም። ሁለት ዓመት አይቼሻለሁ።"

ደንብ ነው ልላት ነበር። አፌ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ጥር 2008 ላይ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ አልኳት። ኮንትራት ነበርኩ፣ እንዳያስወጡኝ ደብቄ እሠራ ነበር፣ በነጠላ ጠፍሬ። አንድ ቀን ካርቶን ስቆጥር መንቀሳቀሱ ቆመ። በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ወለድኩት፣ አልተነፈሰም። በሳምንቱ ሥራ ገባሁ። ለምስጋና እንኳን ደብቄ እሠራ እንደነበር አልነገርኩትም። ብርዱ ነው የገደለው ብዬ ኖርኩ፤ ሀዊ ስታረግዝ ያ ክፍል ሁለተኛ እንዳይበላ ብዬ...

ነዕማ አይዞሽ አላለችኝም፣ አላህ ያውቃል አላለችኝም። "ወንድ ነው ሴት?" አለችኝ።

በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ምስጋናም፣ እናቴም፣ ሐኪሙም። ሁሉም "እርሺው፣ ይተካል" ነው ያሉኝ።

"ሴት" አልኳት። "ጸጉር ነበራት።"

እንዳለቅስ ተወችኝ። ከዚያ ተነስተን ገባንና የቀረውን ቆጠርን።